የኤሊ ጫጩታችንን ሊገድለው የነበረውም ያዳነውም አምፖል ነው

በሙያዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ የጥገና ክፍል ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። አምፖል ለእኔ የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ልጄ የኤሊ ጫጩት ካልገዛህልኝ ብላ ስትነዘንዘኝ፣ መብራቱና ማሞቂያው እንደሆነ የእጄ ሥራ ነው ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ገባሁበት። ጫጩቱን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ ያደረሰው ይኸው ልበ ሙሉነቴ ነው።

ለቸኮለ ሰው ዋናውን ላስቀድም። ዓይኑን ጨፍኖ ምግብ እንቢ ያለ የኤሊ ጫጩት ፊት ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ከሳጥኑ ግድግዳ ላይ አንሡና ጫጩቱ በተኛበት ወለል ላይ አስቀምጡት። ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ካነበበ ለማብላት አትታገሉ፤ አስቀድማችሁ አሙቁት። የቀዘቀዘ ኤሊ የበላውን መፍጨት አይችልም፤ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። ቀጥሎ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ፈልጉ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ኤሊ አያውቅም። ከዚህ በታች ያለውን ቀጠሮ ከያዛችሁ በኋላ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ጫጩቱን የገዛነው ኖቬምበር ላይ፣ የእባብና የእንሽላሊት ነጋዴዎች ከሚሰበሰቡበት አንድ የቅዳሜ ገበያ ነው። ሱልካታ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ የሰሃራን ደቡባዊ ጠርዝ ተከትሎ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድረስ የሚኖር። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ግዙፍ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ትልቁ እሱ ነው። ልጄ ይህን ከአንድ ጽሑፍ ላይ አንብባ «አባዬ፣ የአገራችን ልጅ እኮ ነው» አለችኝ። እዚያው ተሸነፍኩ። ርዝመቱ 5 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 41 ግራም ነበር፤ አንድ ትልቅ ሎሚ እንኳ አያክልም። አያቷ ከምትነግራት ተረት አያ ጅቦን ታውቃለችና ስሙን «አያ ቀስ» አለችው።

ሕጉን ያወቅሁት ኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቅርፊቱ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ወደ ሕፃናት ስለሚያስተላልፉ። ለትምህርትና ለምርምር የሚሸጥ ግን ይፈቀዳል፤ ነጋዴውም ደረሰኙ ላይ «ለትምህርት» ብሎ ጽፎልኝ ኖሯል። ትምህርቱንስ ተምሬአለሁ። ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ፣ ኤሊውን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የኤሊው ዕቃም በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ።

ነጋዴው ከጫጩቱ ጋር «ሙሉ ዕቃ» ብሎ የሸጠልኝ ይህ ነው፦ ዓሣ የሚቀመጥበት ዓይነት የመስታወት ሳጥን፣ ቀይ አምፖል፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ክብ ቴርሞሜትርና አንድ ከረጢት የእንጨት ፍቅፋቂ። «የበረሃ እንስሳ ነው፤ ደረቅ አድርገህ ያዘው» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬ ቤታችን የቀረ አንድም ዕቃ የለም።

ቀዩ አምፖል ሳሎናችንን መጠጥ ቤት ስላስመሰለው በሁለተኛው ቀን አነሣሁት። በምትኩ የሰቀልኩት በሕንፃችን ኮሪደር ሁሉ የምሰቅለውን ኤልኢዲ ነው። ካርቶኑ ላይ «የቀን ብርሃን» ይላል፤ ለፀሐይ የቀረበ ነጭ ብርሃን። እኔ ራሴ ያረጁትን ባለ ክር አምፖሎች አውጥቼ በኤልኢዲ ስተካ ስንት ዓመቴ ነው፤ ከኦገስት 2023 ጀምሮማ ተራው ባለ ክር አምፖል ከአሜሪካ መደብሮች ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የምንተካበት ምክንያት ምንድን ነው? ባለ ክሩ አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ስለሚያደርገው ነው። ይህን ለተለማማጅ ሠራተኞች በቃሌ የማስተምር ሰው፣ ለኤሊ ሙቀት ብዬ ሙቀት የሌለውን አምፖል መርጬ ሰቀልኩለት። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያውን ሳምንት አያ ቀስ በላ፣ ተራመደ፣ የሳጥኑን ጥግ ሲቧጥጥ ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አበዛ። በሦስተኛው ዓይኑን መግለጥ ተወ፤ ሰላጣውን አፍንጫው ሥር ብናስቀምጥለትም አንገቱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። አንድ ማታ ልጄ «አባዬ፣ አረፋ እያወጣ ነው» ብላ ጠራችኝ። በአንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ የስንዴ ቅንጣት የማታህል አረፋ በትንፋሹ ልክ ትነፋለች፣ ትሟሽሻለች። ጆሮዬን ሳስጠጋ ትንፋሹ ውስጥ ቀጭን የፉጨት ድምፅ አለ። በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 34 ግራም ሆኗል።

አንድ ጓደኛዬ «አትጨነቅ፣ ክረምት ስለሆነ ነው፤ ኤሊ ክረምቱን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው» አለኝ። የደቡብ አውሮፓ ኤሊዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ሱልካታ ግን አያደርግም፤ በትውልድ አገሩ የሚሸሸው ብርድ ሳይሆን ድርቅና ሐሩር ነው። ሱልካታ በብርድ ከደነዘዘ እየታመመ ነው። በዚህ የተሳሳተ ምክር ስንት ጫጩት ተኝቶ ቀርቶ ይሆን እላለሁ።

ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ጋ ስደውል ደግሞ መልሷ አንድ ነበር። «ፀሐይ አሙቀው እንጂ! አንተን ቅቤ እየቀባሁ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ባላሞቅህ ኖሮ እግርህ መች ይጠና ነበር?» እኔም ሳጥኑን ተሸክሜ ፀሐይ በሚገባበት የሳሎን መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። እናቴ በመስኮት በኩል አላለችም፤ መስታወቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙ ጋ ስደርስ ገባኝ።

ሐኪሙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የኤሊ አፅም ያስቀመጡ ሰው ናቸው። አያ ቀስን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ። «30 ዲግሪ ነው» አልኩ በኩራት። «ቴርሞሜትሩ የት ነው ያለው?» አሉኝ። ግድግዳው ላይ፣ ከላይ። «ኤሊው ግድግዳ ላይ ይተኛል እንዴ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ አያስፈልግምም ነበር።

የዚያን ቀን ማታ የሥራ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ የጋለ ማያያዣ ለመፈለግ ሁልጊዜ የምይዛት፣ እንደ ሽጉጥ አነጣጥረው የአንድን ገጽ ሙቀት የሚያነቡባት ቴርሞሜትር አለችኝ። ቦርሳው ከኤሊው ሳጥን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሲቀመጥ ነው የከረመው። ጀርባው ላይ አነጣጠርኩ፤ 21 ዲግሪ። ሩቁ የወለሉ ጥግ 19 ነው። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትሩ የተለጠፈበት ቦታ 30፤ ምክንያቱ ደግሞ ከሳጥኑ ውጭ በስተጀርባው የሳሎኑ ማሞቂያ ራዲያተር ስላለ ነው። የሚሞቀው ድንጋይ መሐሉ ላይ 47። ማለት፣ እንስሳው የነበረው ምርጫ ወይ መቀዝቀዝ ወይ ሆዱን መጠበስ ነበር።

የድንጋዩን ነገር ሐኪሙ እንዲህ አስረዱኝ። በተፈጥሮ ለኤሊ ሙቀት የሚመጣው ከላይ ነው። ሲበዛበት ወደ ታች ቆፍሮ ይገባል፤ ከታች ያለው አፈር ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነውና። ሙቀቱ ከሆዱ ሥር ሲሆንበት ግን ይህ ብልሃቱ ይጠፋበታል፤ ሲቆፍር ይብስበታል። በሆዱ በኩል ያለው ቅርፊት ሳይታወቀው ሊቃጠልም ይችላል። ድንጋዩን የዚያን ቀን ማታ ጣልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ «መብራት» ብዬ አንድ አድርጌ የማስበው ነገር ለኤሊ ሦስት የተለያየ ሥራ ነው፦ ሙቀት፣ የሚታይ ብርሃንና ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር። ፀሐይ ሦስቱንም በአንድ ላይ ትሰጣለች። አምፖል ግን አንዱን ይሰጥና ሌላውን ይነሣል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «የቀን ብርሃን» ስለ ቀለሙ ብቻ ነው የሚናገረው።

ዩቪቢ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው የማይታይ የብርሃን ክፍል ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ የቫይታሚን ዲ3 ሥራ ይጀመራል፤ ያንን ጅምር ወደ ቫይታሚንነት የሚያደርሰው ደግሞ የሰውነት ሙቀት ነው። ስለዚህ ዩቪቢ ኖሮ እንስሳው ከቀዘቀዘ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ቫይታሚኑ ከሌለ የበላው ካልሲየም ከአንጀቱ ወደ ደሙ አይገባም፤ ሰውነቱም ከገዛ አጥንቱ እየቆረሰ ይኖራል። ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የምንለው፣ አጥንት የሚያለሰልሰው በሽታ ማለት ነው። የመስኮት መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ዩቪቢን ያስቀረዋል። እኔ መስኮት ሥር ያስቀመጥኩት ኤሊ ፀሐይ የሚያይ እንጂ ፀሐይ የሚሞቅ አልነበረም። ቢወጣስ? እኛ ያለንበት 39 ዲግሪ ሰሜን ነው። ዲሴምበር ላይ የቀትር ፀሐይ እንኳ የጨረሩን ብርታት በሚገልጸው የዩቪ መለኪያ 1 ወይም 2 ብትሰጥ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ10 በላይ መድረሱ ብርቅ አይደለም። እናቴ የምታውቀው ፀሐይና እኔ ያለሁበት ፀሐይ ስማቸው ብቻ ነው አንድ።

ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ ደብዝዞ ታየ፤ ሳንባውም ላይ ጭጋግ መሰል ነገር ነበር። የሳንባ ምች ጅማሬና የካልሲየም እጥረት አሉኝ። አንቲባዮቲኩ በየሦስት ቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ የሚወጋውም የፊት እግሩን ነው፤ ከኋላ እግር የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ሳይደርስ በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል። መርፌውን እየሞሉ የነገሩኝን አልረሳውም፦ «ይህ መድኃኒት 30 ዲግሪ ላይ ላለ ኤሊ ነው። 21 ላይ ካለ ውኃ የወጋሁት ያህል ነው።» የተሳቢ እንስሳ ደም ሙቀቱን ከአካባቢው የሚበደር ስለሆነ፣ በሽታን የሚዋጋው ኃይሉም መድኃኒቱን የሚያዘዋውረው ጉልበቱም ከሙቀቱ ጋር ይወርዳል።

በነጋታው ፈቃድ ወስጄ ቤቱን ከመሠረቱ ሠራሁት። የመስታወቱን ሳጥን ትቼ፣ 120 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ጎኑ የማያሳይ ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ገንዳ ገዛሁ። መስታወት ለኤሊ የማይታይ ግድግዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲገፋው ይውላል። ገንዳውን በሽቦ መደርደሪያ የታችኛው እርከን ላይ አስቀምጬ መብራቶቹን ከላይኛው እርከን በሰንሰለት ሰቀልኩ፤ መደርደሪያውንም ዙሪያውን በወፍራም ላስቲክ ሸፈንኩት። ላስቲኩ ከሚግለው አምፖል ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር እንዲርቅ ተጠንቅቄአለሁ። ሰንሰለት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ከአምፖሉ መያዣ ጋር የሚመጣው መቆንጠጫ ጊዜውን ጠብቆ ይወድቃል፤ የወደቀ የሚግል አምፖል ደረቅ ፍቅፋቂ ላይ ሲያርፍ ቤት ያቃጥላል።

ለሌሊት ሙቀት የሰቀልኩት ሴራሚክ ማሞቂያ ነው። አምፖል ይመስላል፣ እንደ አምፖል ይጠመዘዛል፣ ግን ብርሃን የለውም። ኤሊ በጨለማ መተኛት አለበት፤ ቀዩም ሰማያዊውም «የሌሊት» አምፖል ለእሱ ብርሃን ነው። የኔው 100 ዋት ነው። ገጹ እጅግ ስለሚግል መያዣው የሸክላ መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩ መያዣ ይቀልጣል። ይህ ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ኃይሉን ከሚያበራና ከሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ውጭ፣ አይሰካም። ለጤነኛ ጫጩት ሌሊቱን ከ26 ወይም 27 ዲግሪ እንዳይወርድ ማድረግ በቂ ነው፤ ለታመመው ግን ሐኪሙ ቀንም ሌሊትም 30 አድርገው አሉኝ።

ለቀን ሙቀት ከተገኘ የሚሻለው ያው የናቅነው ባለ ክር አምፖል ነው፤ ሃሎጅን የሚባለው፣ ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ የሚበትነው ዓይነት። እኔ ባለ 50 ዋት ነው የምጠቀመው። ከፍታውን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ በቀጥታ ሥሩ፣ በጀርባው ቁመት ላይ 36 ዲግሪ እስኪሆን አስተካከልኩ። ከ35 እስከ 38 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ብርሃኑ እንደ ሳህን የሰፋ ይሁን፤ ጠባብ ጨረር ከሆነ የጀርባውን ጫፍ እያነደደ ጎኖቹን ብርድ ላይ ይተዋቸዋል።

ለዩቪቢ ሐኪሙ የመከሩኝ ቲ5 የሚባለውን ቀጭን ረጅም ፍሎረሰንት ነው፤ ለበረሃ ተሳቢ እንስሳት የሚሠራውን፣ ጠርዙ ላይ 12 በመቶ የሚል የተጻፈበትን፣ ከአንጸባራቂ ሽፋኑ ጋር። የኔ ርዝመቱ 60 ሳንቲሜትር፣ ኃይሉ 24 ዋት ነው። ጥምዝምዞቹን ትንንሽ የዩቪቢ አምፖሎች አልወደዱልኝም፤ ጨረራቸው አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቀው ነገሩኝ። አንደኛ፣ አምፖሉ ከላይ እንጂ ከጎን አይሁን። የኤሊ ዓይን ከላይ የሚመጣን ጨረር የሚከልል የቅንድብ ጥላ አለው፤ ከጎን ለሚመጣ ግን መከላከያ የለውም። ሁለተኛ፣ በመሐል መስታወት፣ ላስቲክም ሆነ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አይግባ፤ ወንፊት ብቻውን ከጨረሩ ሲሶውንና ከዚያም በላይ ይበላል።

ዩቪቢ በዓይን ስለማይታይ፣ አምፖሉ በራ ማለት ጨረር አለ ማለት አይደለም። ሶላርሜትር 6.5 የምትባል (6.5 የሞዴሏ ቁጥር ነው)፣ ያንኑ የዩቪ ቁጥር የምታነብ በእጅ የምትያዝ መለኪያ አለች። ዋጋዋ ከ200 ዶላር ስለሚበልጥ ለመግዛት ሁለት ሳምንት አመነታሁ፤ በሥራዬ ሳይለኩ የሚነኩ ሰዎችን የምገሥጽ ሰው ነኝና በመጨረሻ ገዛሁ። በጀርባው ቁመት ላይ ከ3 እስከ 4 ድረስ ማንበብ ጥሩ ነው። የኔ አምፖል በ40 ሳንቲሜትር ርቀት 3.2 አነበበ። ዓመት ሲሞላው ስለካው 2.4 ሆኗል፤ ለዓይን ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ያበራል። መለኪያው ከሌላችሁ ቲ5ን በየ12 ወሩ ቀይሩት፤ የተገዛበትን ቀን በእስክሪብቶ አምፖሉ ጫፍ ላይ ጻፉበት። ከጨረሩ የሚሸሽበት ጥላም ይኑረው። ከአንድ ጎን መብራቱንና ሙቀቱን በአንድ ላይ ሰብስባችሁ፣ ሌላውን ጎን ጨለም ያለ መሸሸጊያ አድርጉለት።

ሃሎጅኑና ፍሎረሰንቱ በሰዓት መቁጠሪያ ጠዋት 1 ሰዓት በርተው ማታ 1 ሰዓት ይጠፋሉ፤ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ።

በአራተኛው ሌሊት ከሥራ ስመለስ ሊፈጠር የነበረውን ልንገራችሁ። ላስቲኩን ስገልጥ የሞቀ አየር ፊቴን መታኝ። ቴርሞሜትሩ 39 ይላል። አያ ቀስ ውኃ መጠጫው ውስጥ ገብቶ አንገቱን ዘርግቶ ተኝቷል። የቴርሞስታቱ የሙቀት መለኪያ ጫፍ ሳጥኑ ሲጸዳ ወጥቶ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ ቴርሞስታቱም የሳሎኑን ብርድ እያነበበ ማሞቂያውን ያለ ዕረፍት ሲያነድ አምሽቷል። ሌላ አንድ ሰዓት ብዘገይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመለኪያውን ጫፍ በጥላው በኩል በጀርባው ቁመት ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሬ አሥሬዋለሁ። ሁለተኛ ቴርሞስታትም ጨመርኩ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይሰካል፣ የየራሳቸው የመለኪያ ጫፍ አላቸው። የመጀመሪያው ሙቀቱን ይቆጣጠራል፤ ሁለተኛው 34 ላይ ተሞልቶ፣ የፊተኛው ቢሳሳት ኃይሉን ይቆርጣል። ዋጋው 30 ዶላር አይሞላም፤ ለኤሊ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ አንድ ብቻ አስቀር ብባል እሱን ነው የማስቀረው።

ውኃ ባለበት ቦታ ኤሌክትሪክ እየዘረጋችሁ ነውና፣ ኃይል ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጠውን ዓይነት ሶኬት ተጠቀሙ። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ የተንጠባጠበ ውኃ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ስለ እርጥበት የሰማሁት ነገር ካልጠበቅኋቸው ሁሉ የባሰው ነው። «የበረሃ እንስሳ ነው፣ ደረቅ ይሁን» የተባለው ለጫጩት ስሕተት ነው። የሱልካታ ጫጩት አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እርጥበት ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ ተክል ሥር ተሸሽጎ ነው። በደረቅ አየር ካደገ የጀርባው ቅርፊት እየተቆለለ ጉብታ ጉብታ ይሆናል፤ አንዴ ከሆነ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ፍቅፋቂውን ጥዬ በረጠበ የኮኮናት ቃጫ ተካሁት፤ እርጥበቱም 80 በመቶ አካባቢ ነው። መዘንጋት የሌለበት ግን እርጥበት ከሙቀት ጋር ብቻ መሆኑ ነው። እርጥብና ሞቃት ያድነዋል፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ሳንባውን ይመታዋል። ሙቀቱን ሳታስተካክሉ ውኃ አታርከፍክፉ።

በየቀኑ 20 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ውኃው የላይኛውና የታችኛው ቅርፊት እስከሚገጥሙበት መስመር ብቻ ይደርሳል። የታመመ ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የጠማው ነው። ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን እዚያው ከላስቲኩ ውስጥ አድርጉት፤ እኛ መጀመሪያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እያደረግን በ10 ደቂቃ ውስጥ 24 ዲግሪ ሲደርስ አላስተዋልንም ነበር።

አዲሱ ቤት ከገባ በ5ኛው ቀን አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ በማግሥቱ ሁለተኛውን። በ9ኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ የበለስ፣ ማለትም የእሾሃማውን ቁልቋል፣ ቅጠል ቀጭን አድርጋ ቆርጣ አስቀመጠችለት። ከላቲን አሜሪካ ሸቀጥ መደብር የገዛነው ነው፤ እኛ ፍሬውን ስንበላ ያደግነውን፣ ሜክሲኮዎች ቅጠሉን ይበሉታል፣ ሱልካታም ይወደዋል። አንገቱን አወጣ፣ አሸተተ፣ አፉን ከፈተና ሳተው። እንደገና ሳተው። በሦስተኛው ነክሶ ቆረጠ፤ የቆረጣትም እንደ ጥፍር የሳሳች ቁራጭ ነበረች። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ ማንኛችንም አልተናገርንም። በዚያ ሳምንት 36 ግራም ሆነ፤ በወሩ ወደ 41 ተመለሰ፤ ፌብሩዋሪ ሲያልቅ 63።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝኑት፣ ጻፉትም። የክብደቱ መውረድ ከዓይኑ መጨፈን ቀድሞ ይመጣል፤ እኔ ከመጀመሪያው ብመዝነው ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት እነቃ ነበር።

ወጪውን ለሚጠይቅ፣ ማሞቂያው ግማሹን ጊዜ ብቻ እንደሚሠራ ቆጥሬ ሁሉም ተደምሮ በወር ወደ 63 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በእኔ ሒሳብ 12 ዶላር አካባቢ ነው። ሐኪሙ የወሰዱት ከኤሊው ዋጋ አራት እጥፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ በጃንዋሪ አንድ የበረዶ ሌሊት እንዳጋጠመን፣ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከጫጩቱ ጋር በትንሽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፤ ካርቶኑንም በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር ኤሊ ብታገኙ አታንሡት። ከእኔ 174 ዋት የተሻለ ነገር ከራሱ በላይ አለ።

በሜይ አጋማሽ ሙቀቱ 27 ሲደርስ ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ሣር አወጣነው፤ መሬት ላይ ያለ የሽቦ አጥር፣ ግማሹ በጥላ፣ ውኃም አለው። በመስታወት ሳጥን አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ እንዳታወጡት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይበስላል። መለኪያዋን ጀርባው ላይ ስይዝ 6.1 አነበበች። ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኸውልህ፣ ኅዳር ላይ ነግሬህ ነበር» አለች። «በል እንግዲህ ቅቤ ቀባው።»